ስለ አረጀና ስለ ጃጀ ውሻ የሌሊት አጠባበቅ

በጅቡቲ ከተማ መንገድ ላይ ከሚታዩት ውሾች የሚበዙት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። ሆኖም በግቢ ጠባቂነት ወይም በቤት ጓደኛነት ተይዘው የሚኖሩ ውሾችም አሉ። እነዚህ በቂ ምግብና በየጊዜው ክትባት ካገኙ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዶቹም ዐሥራ አምስት ዓመት ይኖራሉ። ዕድሜያቸው እንዲህ ሲረዝም በሰው ሽማግሌዎች ላይ የሚታየው የመጃጀት ሕመም በእነርሱም ላይ ይታያል። ሕመሙ ከቀን ይልቅ በሌሊት ስለሚብስ፣ የባለቤቱን ዕንቅልፍ፣ የጎረቤትን ሰላምና የውሻውንም ሕይወት የሚነካ ነገር ነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ግቢውን በታማኝነት ሲጠብቅ የኖረው ውሻ ያለ ምክንያት መጮኽ ይጀምራል። ሌባ መጣ ተብሎ መብራት ተይዞ ሲወጣ አንድም ሰው የለም፤ ውሻው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከማዕዘን ውስጥ ተወሽቆ ቆሟል። ሲጠሩት ስሙን እንደማያውቅ ይሆናል፤ ሲነኩት ይደነግጣል። በማግሥቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ከበር እስከ በር ሲመላለስ ያድራል። ከዚያም በኋላ ቀድሞ የማያደርገውን በቤት ውስጥ ይሸናል፤ በሩ የሚከፈትበትን ወገን ረስቶ በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል፤ ምግቡን በልቶ ወዲያው እንዳልበላ ሰው ሳሕኑን ይልሳል።

ይህን ያየ ጎረቤት «ውሻው አብዷል» ይላል። ይህ ቃል ቀላል አይደለም። በአማርኛ «ያበደ ውሻ» ማለት በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ፣ ሰውን ነክሶ የሚገድል ማለት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ይህ ስም የወጣለት ውሻ በዱላ ወይም በመርዝ መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ሕመሞች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይብሳል፤ ውሻውም ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ቀን ሳያልፍ ይሞታል። ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ የድምፁ ቃና ይለወጣል፤ መንጋጋው ወይም የኋላ እግሮቹ ይሰንፋሉ፤ ያገኘውንም ሁሉ ሊነክስ ይችላል። መጃጀት ግን በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የጃጀ ውሻ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ቀን ቀን ደኅና የሚመስልባቸውም ሰዓታት አሉት። ያም ሆኖ ክትባቱ በጊዜው ያልታደሰ ውሻ ጠባዩ በድንገት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከተለወጠ፣ «እርጅና ነው» ብሎ መገመት ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ማንም ሳይነካው ለብቻው ዘግቶ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ውሎ ሳያድር ለክትባት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ውሻው በየጊዜው መከተቡን የሚያሳይ ወረቀት በቤት ውስጥ መኖሩ እንግዲህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ሰውን ከሞት ይጠብቃል፤ ሽማግሌውንም ውሻ ከሐሰት ክስ ያድነዋል።

የመጃጀቱ ምክንያት ከሞላ ጎደል ታውቋል። በሕመሙ የተያዘ ውሻ አንጎል ሲመረመር ቤታ አሚሎይድ የተባለ የፕሮቲን ዓይነት ተከማችቶበት፣ የአንጎሉም መጠን መንምኖ ይገኛል። ይህም በሰው ላይ የአልዛይመር በሽታ ከሚባለው ጋር በብዙ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ስለ 180 ያረጁ ውሾች የቀረበ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ከሆናቸው መካከል 28 በመቶዎቹ፣ 15 እና 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የመጃጀት ምልክት እንደ ታየባቸው አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ካረጁት ውሾች 14 በመቶ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ሲገምት፣ በሐኪም ተመርምረው የታወቀላቸው ግን ከ2 በመቶ በታች መሆናቸውን ገልጧል። ሕመሙ ብርቅ ሆኖ የሚታየው ብርቅ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ባለቤቱ «አርጅቶ ነው» ብሎ ዝም ስለሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከ15,000 በላይ ውሾችን የተመለከተ ጥናት፣ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ውሾች ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ ሕመሙ በብዙ እጥፍ እንደሚታይባቸው አሳይቷል። ነገር ግን ውሻው የጃጀው ስላልተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ያልተንቀሳቀሰው ስለ ጃጀ ነው የሚለውን ጥናቱ አይለይም። ስለ ሌሊቱ ነገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አለ። በሰሜን ካሮላይና ያሉ ሊቃውንት የ28 ሽማግሌ ውሾችን የአንጎል ሞገድ ተኝተው ሳሉ ለክተው፣ የመጃጀቱ ሕመም የበረታባቸው ውሾች ከባዱንም ዕንቅልፍ ሕልም የሚታይበትንም ዕንቅልፍ የሚተኙት ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን አግኝተዋል። እንግዲህ ሌሊት የሚዞር ውሻ ዕንቅልፍ ያጣ በሽተኛ እንጂ ያመፀ አገልጋይ አይደለም። መምታትም ሆነ መጮኽ የሚጨምርለት ፍርሃት ብቻ ነው፤ ለምን እንደ ተመታ አያስታውስምና።

ሌሊት የሚቅበዘበዝ ሁሉ ግን የጃጀ አይደለም። መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ መሬቱ ሲቈረቍረው ይነሣል፣ ይተኛል፣ እንደ ገና ይነሣል። ኩላሊቱ የታመመ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ብዙ ይጠጣል፤ ስለዚህም ብዙ ይሸናል። ዐይኑ የደከመ በጨለማ ይጋጫል፤ ጆሮው የደነቈረ ሲጠሩት አይመጣም። እነዚህን አስቀድሞ ሐኪም ቢያያቸው፣ ብዙ ጊዜ የመጃጀት ያህል የከበደው ነገር በቀላል ሕክምና ይቃለላል። ሐኪሙን ለመርዳት የተሻለው ዘዴ አንድ ደብተር ይዞ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሻው የተነሣበትን ሰዓት፣ የጮኸበትን ጊዜ ርዝመት፣ የጠጣውን ውኃና የሸናበትን ቦታ መጻፍ ነው። «ሌሊቱን ሁሉ ይጮኻል» የሚል አቤቱታ ብዙ አያስረዳም፤ «ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ጠጥቶ ይተኛል» የሚል ማስታወሻ ግን ብዙ ያስረዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቦታው ነገር ነው። ስለ ጃጁ ውሾች የተጻፈው ምክር አብዛኛው የመጣው ከብርድ አገር በመሆኑ፣ ለጅቡቲ እንዳለ የሚስማማ አይደለም። በዚህ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ብዙ አይቀዘቅዝም። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አየሩ ከባሕሩ እርጥበት ሲጠግብ ማለክለኩም ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ሌሊት ሲያለከልክ የተገኘ ሽማግሌ ውሻ ፈርቶ ወይም አሞት ይሆናል ከማለት በፊት ሙቀት አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከጥቂት ነው፤ 41 ዲግሪ የደረሰ እንደ ሆነ ሞት ቀርቧል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሆዱንና እግሮቹን በቀዝቃዛ ውኃ አርሶ ማራገቢያ ማዞር ያስፈልጋል። እርጥብ ብርድ ልብስ መጠቅለል ግን ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ይጎዳል።

በሌላ አገር አንዳንዶች ውሻው ሌሊት እንዳይሸና ብለው ማታ የውኃ ሳሕኑን ያነሣሉ። በጅቡቲ ይህን ማድረግ ሕይወት ማጥፋት ነው። ውኃው ሌሊቱን ሙሉ፣ ያውም በሁለት ቦታ፣ አንዱ ከመኝታው አጠገብ ሌላው ደግሞ በሚመላለስበት መንገድ ላይ መቀመጥ አለበት። የጃጀ ውሻ ውኃው የት እንደ ሆነ ይረሳልና። የከተማው የጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት ለነዋሪው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ተጨምሯል፤ የሚገኝ ከሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሽማግሌ ውሻ ጨው ያልበዛበትን ውኃ መምረጥ መልካም ነው። ሽንቱን በተመለከተ የሚሻለው ከመኝታ በፊት፣ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ማውጣት፣ ሌሊትም አንድ ጊዜ መነሣት፣ ከመኝታውም ሥር በቀላሉ የሚታጠብ ሰሌን ወይም ላስቲክ ማንጠፍ ነው።

የሌሊቱ ዕንቅልፍ የሚዘጋጀው ቀን ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ ከተኛ ሌሊት አይተኛም፤ ብርሃንም አንጎሉ ቀንና ሌሊትን እንዲለይ ይረዳዋል። ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ማውጣት አይቻልም፤ የመንገዱ ሬንጅ መዳፉን ያቃጥላል። የእጅ ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ካልቻለ፣ የውሻውም እግር አይችለውም። ስለዚህ ንጋት ላይ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በአንድ በታወቀ መንገድ ቀስ ብሎ ማንሸራሸር ይበቃል። መንገዱን መለዋወጥ ለወጣት ውሻ ደስታ፣ ለጃጀ ውሻ ግን ጭንቀት ነው። ምግቡም በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ይልቅ ተከፍሎ፣ የመጨረሻው ጥቂቱ ማታ ቢሰጠው ራብ አይቀሰቅሰውም።

መኝታው ዘወትር በአንድ ቦታ ይሁን። የቤቱ ዕቃ ሲዘዋወር የዐዋቂ ዐይን ያስተውለዋል፤ የጃጀ ውሻ ግን የሚሄደው በልማድ ስለ ሆነ በአዲሱ ወንበር ይጋጫል። የሸክላ ንጣፍ ለብርዱ ደግ ቢሆንም ያንሸራትታል፤ እግሩ የደከመ ውሻ አንድ ጊዜ ወድቆ መነሣት ካቃተው ከዚያ በኋላ በዚያ ወለል መራመድን ይፈራል። ከመኝታው እስከ ውኃውና እስከ በሩ ድረስ ሰሌን ቢነጠፍለት መንገዱንም ያሳየዋል፣ እግሩንም ይይዝለታል። ከቁም ሣጥንና ከግድግዳ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ ሁሉ በሣጥን ወይም በጣውላ መድፈን ይገባል። ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድ ይረሳልና፣ እዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። ከሌሊት ጩኸቶች ጥቂት የማይባሉት የሚመጡት ከዚህ ነው። አንዳንድ ባለቤት ይህን ሳያውቅ ለወራት ዕንቅልፍ አጥቶ፣ በመጨረሻ አንዲት ባዶ ሣጥን መፍትሔ ሆና ታገኛለች።

አነስተኛ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ዐይኑ ለደከመ ውሻ ብዙ ይረዳል። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ያም ሆኖ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ጨለማውና የማራገቢያው መቆም አንድ ላይ ስለሚመጡ የጃጀውን ውሻ እጅግ ያስጨንቁታል። በባትሪ ወይም በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ትንሽ መብራት አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል። ሻማና የጋዝ ፋኖስ ግን ከሚዞር ውሻ ጋር በአንድ ክፍል ማደር የለባቸውም፤ በተለይ ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠሩ ቤቶች ከውሻው አልፎ ሰፈሩን የሚያቃጥል አደጋ ነው።

ከሙቀቱ የተነሣ ብዙ ሰው በጠፍጣፋ ጣሪያና በሰገነት ላይ ይተኛል፤ ውሻውም ነፋስ ፈልጎ ይከተላል። ወጣት ሳለ ዳርቻውን ጠንቅቆ ያውቅ የነበረ ውሻ ዛሬ አያውቀውም። ስለዚህ ደረጃው ከታችም ከላይም በበር ወይም በሳንቃ መዘጋት፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የጉድጓድ አፍም መከደን አለበት። የግቢው በር ሌሊት መቆለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች በሚተላለፉበት መንገድ ላይ ግራ ገብቶት የሚቆም ውሻ ማምለጥ አይችልም። ባንገቱ ላይ የባለቤቱ የስልክ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ቢንጠለጠልለት መልካም ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ ጎረቤቱ በሚያነበው ፊደል፣ በፈረንሳይኛ ወይም በዐረብኛ መሆን አለበት፤ ውሻውን የሚያገኘው ሰው ካላነበበው ምልክቱ ጌጥ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ባለቤት እንዳይጠፋ ብሎ በሰንሰለት ያስረዋል። የጃጀ ውሻ በክብ የመዞር ልማድ ስላለው ሰንሰለቱን በእግሩና በአንገቱ ጠምጥሞ ሊታነቅ ይችላል። ከሰንሰለት ይልቅ ትንሽ፣ ነፋስ የሚያገኝና ምንም ማዕዘን የማይወጋው ክፍል ወይም የታጠረ በረንዳ ይሻለዋል። የጥበቃውም ሥራ ከዚህ በኋላ ይቅርለት። ባለቤቱን ከሌባ የማይለይ ውሻ በር ላይ ማስቀመጥ ለሌባው ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ያሰጋል። ሲተኛ ከበላዩ መሻገር፣ ከኋላው መጥቶ መንካት አይገባም፤ ከፊት ለፊት መጥቶ፣ በለዘበ ድምፅ ጠርቶ፣ እጅን አሽትቶት ከዚያ መንካት ነው። ሕፃናትም ይህን መማር አለባቸው፤ በሌሊት ደግሞ ከእርሱ ጋር ብቻቸውን ባይተዉ ይሻላል።

ሌሊት ሲጮኽ የተነሣ ሰው የቤቱን መብራት ሁሉ ባያበራ፣ ብዙ ባይናገር መልካም ነው። ውኃውን ማየት፣ ለሽንት ማውጣት፣ እግሩን ዳብሶ የሚያመው እንዳለ መመልከት፣ ከዚያም ወደ መኝታው መመለስ ይበቃል። የባለቤቱ ሽታ ያለበት አሮጌ ሸሚዝ ከመኝታው ላይ ማኖር፣ ራዲዮንም በዝቅተኛ ድምፅ መክፈት የሚያረጋጋቸው ውሾች አሉ። ቤቱ ጠባብ በሆነበት ሰፈር ጎረቤትን አስቀድሞ ማነጋገር ከሁሉ ይበልጣል። ሽማግሌ መሆኑን፣ የተከተበ መሆኑንም የተነገረው ጎረቤት ይታገሣል። በከተማው በሚበዛው በእስልምና ትውፊትም፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣና ኀጢአቱ ስለ ተሠረየለት ሰው የሚነገር ታሪክ አለ፤ ውሻን በቤት ማኖር የማይወድ ሰው እንኳ ያረጀ እንስሳ እንዲሠቃይ አይሻም።

መድኃኒትን በተመለከተ ጥንቃቄው ብዙ ነው። የሰው ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም። ኢቡፕሮፌን የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል፤ ፓራሲታሞልም በዛ ሲል ጉበቱንና ደሙን ይመርዛል። የሰው የዕንቅልፍ ክኒን አንዳንዱን ውሻ በማስተኛት ፈንታ ይበልጥ ያቅበዘብዘዋል። ከቀትር በኋላ በሚቃምበት ቤት የወደቀ የጫት ቅጠልም ከመሬት ተጠርጎ መነሣት አለበት፤ ልብን የሚያፈጥንና ዕንቅልፍን የሚያባርር ቅጠል ለጃጀ ውሻ መርዝ ነው። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት ሴሌጂሊን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶታል። የሚሰጠው ጠዋት ሲሆን፣ የሚታይ ለውጥ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙን ያለዝባል እንጂ አያድንም፤ ትራማዶልን ከመሰለ የሕመም ማስታገሻና ለድብርት ከሚሰጡ መድኃኒቶች ጋርም አብሮ መሰጠት የለበትም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት አይገባም።

ሙቀቱ በሚከብድበት ወራት ዐቅም ያላቸው ቤተ ሰቦች ከከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ ወደምትገኘው ወደ አርታ ይወጣሉ። ነፋሱ ለሽማግሌው ውሻ ይስማማዋል፤ አዲሱ ቤት ግን ያደናግረዋል። መኝታውን፣ ሰሌኑንና የውኃ ሳሕኑን ሳያጥቡና ሳይለውጡ ይዞ መሄድ፣ በአዲሱም ቤት እንደ ቀድሞው አቀማመጥ ማኖር፣ የመጀመሪያዎቹንም ሌሊቶች ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ማሳደር ያስፈልጋል። የሚጠብቀውን ሠራተኛ ከተማ አስቀርቶ ውሻውን ብቻ መላክ፣ ወይም ውሻውን አስቀርቶ ቤተ ሰቡ መሄዱ፣ ሁለቱም ክፉ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ከጠፋ ያችኑ የቀረችውን ትዝታ ያጣል።

ጊዜው ሲደርስ ደብተሩ እንደ ገና ይጠቅማል። ከመልካም ሌሊቶች ይልቅ ክፉዎቹ ሲበዙ፣ ውሻው መብላት ሲተው፣ ቆሞ መሽናት ሲያቅተው፣ የሚወደውን ሰው ቀንም ሳይለይ ሲቀር፣ ሐኪሙ ያንን ጽሑፍ አይቶ ከባለቤቱ ጋር ይመክራል። ሐኪም በመርፌ የሚያሳርፈው ውሻ አስቀድሞ ይተኛል፣ ከዚያም ልቡ ይቆማል፤ ሥቃይ የለበትም። በመርዝ ወይም በዱላ መግደል፣ ወይም በመኪና ወስዶ ከከተማ ውጭ በበረሃው መጣል ግን ለዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ መንገድ የማያውቅ፣ ውኃ የማያገኝ ሽማግሌ ውሻ በዚያ ፀሐይ አንድ ቀን አይውልም። ሬሳው ሌሎች ውሾች እንዳያወጡት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቦታውም ከውኃ ጉድጓዶችና፣ የከተማው ውኃ ከሥሩ ከሚቀዳበት ከአምቡሊ ወንዝ መውረጃ የራቀ መሆን አለበት።